አንተስ ልጅህን ታስከትባለህ?

ወንድሜ የማያውቀው ነገር የለም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ደንበኞቹም አንገታቸውን አስረክበውት ስለሚቀመጡ አይከራከሩትም፤ ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ማን እሰጥ አገባ ይገጥማል? የመኪና ወሬ ሲነሳ መካኒክ ነው። የፍርድ ቤት ወሬ ሲነሳ ጠበቃ ነው። አንዱ አሞኛል ያለ እንደሆነማ አለቀለት፤ የሚውጠውንና የማይውጠውን ሳይነግረው ከወንበሩ አያስነሳውም። "ዶክተር" የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ሰዉ ከልቡ ይጠራው ጀመር፣ እሱም ከልቡ አቤት ይል ጀመር።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ፀጉር ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ እሱ ወንዶቹን ያስተካክላል፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ ሴቶቹን እሠራለሁ። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም፤ ስለዚህ እሱ በዚያ በኩል የሚለፈልፈውን ሁሉ እኔ በዚህ በኩል ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለልኩ እሰማለሁ። ሲያንገሸግሸኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዶክተር፣ ሰውዬውን ልቀቀው፣ ሥራ አለው እለዋለሁ። ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። እወደዋለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን የምናገረውም እየወደድኩት መሆኑ ይታወቅልኝ።

ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በሙሉ የኩፍኝ ክትባት እንደሚሰጣቸው፣ የማይፈቅድ ወላጅ ካለም አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያስነገረ ሰሞን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አንዱ፣ በሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ተወግተው እዚያው ሰልፍ ላይ እየተዝለፈለፉ ወደቁ ይላል። ሌላው በሕፃንነታቸው ተከትበው የለም እንዴ፣ አሁን ደግሞ ምን አመጣው ይላል። አንዱ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ነገር ደስ አይለኝም ይላል፤ ይሄው ሰውዬ ወንድሜ በነፃ ሲላጨው ቅር ሲለው አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ከያንዳንዱ ቆንጠር አደረገና አደባልቆ የራሱ ዕውቀት አደረገው። ከዚያ በኋላ የገባ የወጣው ሁሉ የሚሰማው ያንን ሆነ።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ፀጉሯን ልትሠራ እኔ ዘንድ ተቀምጣለች። ክትባቱን ከሚሰጡት አንዷ ናት። ግማሽ ጭንቅላቷ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ገና እርጥብ እንደሆነ ወንድሜ በዚያ በኩል ስብከቱን ጀመረ። ትንሽ ታገሰች። ከዚያ አላስቻላትምና ከመጋረጃው ወዲህ ሆና መለሰችለት። ደህና አድርጋ ነው የመለሰችለት። የወደቁት ልጆች የወደቁት በፍርሃት ነው አለች፤ አንዷ መርፌውን አይታ ራሷን ስትስት ሌሎቹ እሷን አይተው ተከተሉ፣ ውሃ ጠጥተው ዐረፍ ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ክንድ ያማል፣ አንዳንዱን ልጅም አንድ ሁለት ቀን ያተኩሰዋል፣ ይሄን አልደብቅም አለች። ከዚያ የባሰ ነገር የሚያጋጥመው ከስንትና ስንት ልጅ አንዱን ነው፤ ልጆቹን እንደወጋናቸው የማንለቃቸውም ለዚሁ ነው፣ ቢያስፈልግ መድኃኒቱ አጠገባችን አለ። በሕፃንነቱ ያመለጠው ልጅ አለ፣ ተከትቦም ያልያዘለት አለ። ልጆች ተጨናንቀው በሚቀመጡበት ክፍል ኩፍኝ ከገባ እነዚያን ፈልጎ ያገኛቸዋል፣ ሳንባ ላይ ከወረደ ደግሞ ይገድላል አለች። በዚያ በኩል የምላጩ ድምፅ ሳይቀር ቆመ።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሲስተር" አላት፣ "እኔም እኮ ደንበኞቼን ምላጩ አያምም ነው የምላቸው።"

የወንዶቹ ክፍል በሳቅ ፈረሰ። ክርክሩም በዚያው አለቀ። ነርሷ ትክክል ነበረች፣ ግን ሰው ከሳቀ በኋላ ትክክል መሆን ምን ያደርጋል? አንገቷን ደፍታ ያልተጠቀለለውን ፀጉሯን ወደ እኔ መለሰች። እኔ ደሜ ፈላና መጋረጃውን ገልጬ አፍህን ብታሳርፈው ምን አለበት አልኩት። በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ሲያሸንፍ እንደዚያ ነው።

በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ የነበረው ጎረቤታችን ሴራሚክ አንጣፊው ነው። እሱ አልሳቀም። ወንድሜ ማውራት የሚወደውን ያህል ይሄ ሰው ዝም ማለት ይወዳል። ሥራ ላይ ያነጠፈውን ሴራሚክ አንድ በአንድ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ከሥሩ ባዶ ድምፅ የሰጠውን አንስቶ እንደገና ያነጥፋል። ወሬም ላይ እንደዚያው ጥንቁቅ ነው። የእሱና የወንድሜ ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። ልጆቻቸው ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። የወንድሜን ልጅ ከዘለለች የማትበርድ ስለሆነች ፌንጣ እንላታለን። እሱ የራሱን ልጅ ብርቄ ይላታል። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ ባልና ሚስቱ ተስፋ ቆርጠው ከተዉት በኋላ የመጣች አንዲት ልጅ ናት። የተወለደችው እሱ ራቅ ያለ ቦታ ሕንፃ ሥራ ላይ እያለ ነው፤ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ስላልነበረ የሕፃንነት ክትባቷ አምልጧታል። ይሄን እኛም እናውቃለን፣ ወንድሜም ያውቃል።

ሳቁ ጋብ ሲል አረፋው ጉንጩ ላይ እንዳለ በመስታወቱ ውስጥ ወንድሜን አየው። መጋረጃውን እንደያዝኩ ነበርና ሁሉንም አየሁ።

"ያልከውን ሰማሁ፣ ሲስተሯ ያለችውንም ሰማሁ" አለው። "የቱ እውነት እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንተስ ልጅህን ታስከትባለህ?"

"እኔ?" አለ ወንድሜ። "የፌንጣን ክንድ መርፌ አይነካውም።"

"ከልብህ ነው?"

"ከልቤ ነው።"

"እንግዲያው ብርቄም አትከተብም" አለና ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሰጠው።

ይሄ ሰው የወንድሜን ዕውቀት አላመነም። ያን ያህል ሞኝ አይደለም። ሰው በገዛ ልጁ አይቀልድም ብሎ ነው። ወንድሜም አልዋሸውም፤ ያን ዕለት የተናገረው በሙሉ ልቡ ነበር።

ክትባቱ በተሰጠበት ቀን ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት አልሄዱም። እኔ ዘንድ ዋሉ። ቢጎዲኖቹን በቀለም በቀለም እየለዩ ተጫወቱ፣ የእጅ መስታወቴን ሰበሩ፣ ማን ሰበረው ስል አንዷ ሌላዋን ሳትጠቁም ሁለቱም እኔ ነኝ አሉ። የሁለቱንም ፀጉር ጠቅልዬ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባኋቸው፤ አንድ ካስክ ውስጥ ሁለት ጭንቅላት። የወንድሜ ሚስት ከዳቦ ቤት ስትወጣ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንዳለ መጥታ በር ላይ ቆመች። ቃል ቆጥባ የምትናገር ሴት ናት፤ ባሏ ለሁለቱም ስለሚያወራ ተራ ደርሷት አያውቅም። ልጆቹን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የፌንጣ ጥርስ ይነቃነቅ ነበርና እናቷ ላስነቅላት ብላ ይዛት ሄደች። ሲመለሱ ወንድሜ ልጁን ወደ ብርሃን አዙሮ አፏን አስከፍቶ መረመረ። ጥሩ ነቅለዋል፣ ሥሩ አልቀረም አለ። ደንበኞቹም ተራ በተራ አይተው አመሰገኑ።

ኩፍኙ የገባው ወራት ካለፉ በኋላ፣ ሁሉም ነገር ተረስቶ ነው። መጀመሪያ ከታች ክፍል አንድ ሁለት ልጆች ከትምህርት ቀሩ። ከዚያ ብርቄ ተኛች። ዓይኗ ቀላ፣ ሳል ያዛት፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ሽፍታው ከፊቷ ጀምሮ ወረደ። ወንድሜ ጠዋት ማታ ብርቱካን ይዞ እየሄደ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል። እንደ ልጁ ነው የሚወዳት፣ በዚህ ማንም አይጠርጥረው። ሁላችንም ያለፍንበት ነው፣ ሳምንት አይሞላትም፣ መብራት አታብሩባት እያለ ወላጆቿን ያጽናናል፤ እሷንም የደንበኞቹን አኳኋን እየቀዳ ያስቃታል። ፌንጣ ግን ከዚያው ግድግዳ ወዲህ ትዘላለች። ወንድሜ ደሟ ጠንካራ ነው፣ እኔን መስላ ነው ይል ነበር።

የብርቄ ትንፋሽ ያጠረ ዕለት አባቷ ታክሲ እስኪመጣ አልጠበቀም። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቅፏት ወደ ሆስፒታል ሮጠ። በፀጉር ቤታችን በር ሲያልፍ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየሁት፤ ካልሲ አድርጋለች፣ አንዱ ወልቆ ሊወድቅ ነው። ኩፍኙ ሳንባዋ ላይ ወርዶ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ሚስት እኔ ክፍል ገባች። ደንበኛ አልነበረኝም። ወንድሜ ሆስፒታል ሄዷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"እትዬ፣ ፌንጣ ተከትባለች" አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ አስረዳችኝ። ጥርሱ እቤት በራሱ ነው የወለቀው። እሷ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስከትባት ተመለሰች። ልጅቷንም ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብላታለች። ክንዷን ያመማት ቀን ባለ ረጅም እጅጌ አለበሰቻት። ለብርቄ እናትስ ነገርሻት ወይ አልኳት። ልነግራት ሄጄ ነበር አለች። ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻትና ክትባቱን እንዴት አሰብሽው ብላ ጀመረች። የብርቄ እናትም፣ እናንተ ካላስከተባችሁ እኛ ምን በወጣን፣ እሱ የባልሽን ቃል እንደ መሐላ ነው የያዘው አለቻት። እሷም አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው። ብትነግራት ለባሏ ትነግረዋለች፣ ባሏ ለወንድሜ ይነግረዋል። የልብስ መቆንጠጫ አቀብላት ተመለሰች።

ጮክ ብዬ ላበሻቅጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። ሁለታችንም የዚያን ሰዓት የምንለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ብርቄ ትዳንና ይሄ ሁሉ ከንቱ ጭንቀት ይሁን።

ብርቄ አልዳነችም።

እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም፣ አልፈልግምም። እናቷ ከሆስፒታል ስትመለስ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ በደረቷ ይዛው ነበር፤ ከእጇ ልንቀበላት ስንል አልለቅ አለች።

ቤታቸው ሰው ሞላ። ወንበር ከየጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ከፀጉር ቤቱም አወጣን። ወንድሜ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ያለቅስ ነበር። ሴራሚክ አንጣፊው ግን ደርቆ ተቀምጧል። አንድ ከሰዓት ላይ፣ ሰዉ ትንሽ ሳሳ ሲል፣ ወንድሜን አጠገቡ እንዲቀመጥ በእጁ መታ መታ አደረገለት። እኔና የወንድሜ ሚስት ውሃ እያዞርን ነበርና ሰማን።

"አንድ ነገር ሲበላኝ ነበር" አለው። "ባስከትባት ኖሮ እያልኩ። አሁን ግን አሰብኩት። ፌንጣም አልተከተበችም። አንድ ዴስክ ነው የሚቀመጡት፣ አንድ ኩባያ ነው የሚጠጡት። ባለመከተብ ቢሆን ሁለቱም ይታመሙ ነበር። ስለዚህ የልጄ ዕድሜ ይሄው ነበር ማለት ነው። እኛ አይደለንም ወንድሜ።"

ወንድሜ እቅፍ አድርጎት እዬዬ አለ። ሚስቱ የያዘችውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ ብርጭቆውን አነሳሁት። ሰውየው ልጁን ካጣ ወዲህ የያዘው አንድ ነገር ያ ሐሳብ ነበር። እሱን ይዞ ነው በእግሩ የሚቆመው። እሱም እውነት አልነበረም።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔም ዝም እንዲባል ፈልጌ ነበር፤ ለሞተች ልጅ ምን ይጠቅማታል ብዬ። ነገር ግን ነገሩ እቤታቸው አልቀረም። ትምህርት ቤቱ ላመለጣቸው ልጆች ክትባቱ እንደገና ይሰጣል አለ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ደግሞ ምን ይሁን? ይኸው የዶክተር ልጅ፣ ሳትከተብ ከበሽተኛዋ ጎን ተቀምጣ ምንም አልነካት። ይኸው አባትየው ራሱ የዕድሜ ነገር ነው ብሏል። ፌንጣ ሳታውቀው ምስክር ሆነች። በእሷ ስም ስንቱ ልጁን ከክትባት ሊያስቀር እንደሆነ በመጋረጃው ውስጥ እሰማለሁ።

ፌንጣ ራሷ ከዚያ ወዲህ መዝለል ትታለች። አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩላት ለብርቄ ነግሬያት ነበር አለችኝ። ምኑን አልኳት። መርፌውን። ለማንም እንዳትናገሪ ብላ ማስማሏን፣ ብርቄም እንዳልተናገረች፣ ግን እንዳኮረፈቻት ነገረችኝ። ለምን አኮረፈችሽ ብላት፣ እኔን ለምን አልጠራችሁኝም ብላ አለችኝ። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ለወንድሜ ሚስት ወይ ንገሪው ወይ እኔ እነግረዋለሁ አልኳት። ያን ዕለት ምሽት ፀጉር ቤቱን ስንዘጋ መጣችና ነገረችው። ይጮኻል ብዬ ፈርቼ መሀላቸው ቆሜ ነበር። አልጮኸም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ነኝ የገደልኳት አለ። ከዚያ፣ ለእሱ አልነግረውም፣ ያለችው መጽናኛ ያቺው ናት፣ እሷን ከነጠቅኩት ይሞትብኛል አለ። የእሱን መጽናኛ ሌሎች ልጆች በነፍሳቸው ሊከፍሉለት ነው ወይ አልኩት። እታለም ተይኝ አለ። አልተውኩትም። ተጨቃጨቅን፣ አለቀስን፣ ሳንስማማ ተለያየን።

ሴራሚክ አንጣፊው ወደ ፀጉር ቤት የመጣው ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው፤ ልጁ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጺሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ተራውን ለቀቀለት። ወንድሜ ፎጣውን አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረለት። መጋረጃውን ከፍቼ ተውኩት። ሴት ደንበኛም ነበረችኝ፣ እሷም ዞራ ታያለች።

ግማሽ ፊቱ እንደተላጨ፣ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ጎማ ጠጋኝ ስለ ክትባቱ አነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ ጨንቆት ነው። ሚስቴ ታስከትባቸው ትላለች፣ እኔ ግን ፌንጣን ባየሁ ቁጥር ምን ያስፈልጋል እላለሁ አለ። ከዚያ ወደ ሴራሚክ አንጣፊው ዞሮ በአክብሮት፣ አንተ ምን ትላለህ አለው። እሱም፣ እኔ የማውቀው እኔ ልጄን አጣሁ፣ እሱ አላጣም፣ ያደረግነው ግን አንድ ነው አለ።

ወንድሜ ምላጩን አስቀመጠ።

"አንድ አይደለም" አለ። "ፌንጣ ተከትባለች።"

ጎማ ጠጋኙ የሚስቅ መስሎት ነበር፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ስለሚቀልድ። ማንም አልሳቀም።

"መቼ?" አለ ሴራሚክ አንጣፊው።

"ብርቄ ከመታመሟ ወራት በፊት። እናቷ ደብቃኝ አስከተበቻት። እኔ አላወቅኩም ነበር። ያወቅኩት አሁን ነው፣ ከቀበርናት በኋላ።"

ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ያይ ጀመር፣ ግማሹን የተላጨውን፣ ግማሹን አረፋ ያለበትን።

"ብትከተብ ኖሮ አትሞትም ነበር ማለት ነው?" አለ።

ወንድሜ የአረፋውን ብሩሽ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"መልስልኝ እንጂ። ሁሉን አታውቅም እንዴ?"

"አላውቅም" አለ ወንድሜ። "ምንም አላውቅም። ግን ብትከተብ ኖሮ የምትሞት አይመስለኝም።"

ሴራሚክ አንጣፊው ተነሳ። አልተሳደበም፣ እጁን አላነሳም። ቢመታው ለሁላችንም ይቀል ነበር። ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ አረፋው እንዳለ ወጣና መንገዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ጉልበቱ በመንበርከክ ብዛት ስለተጎዳ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው፤ እስኪርቅ ድረስ ሁላችንም እያየነው ቆየን። ጎማ ጠጋኙ ተራውን ትቶ ተነሳ። ልጆቹን ሊያስከትብ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፣ ግን አስከተባቸው፤ ኋላ ሰማሁ። ብዙዎችም አስከተቡ። ይሄን የምለው መጽናኛ ይሆናል ብዬ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ የብርቄ እናት መጣች። ፎጣውን አጣጥፋ ይዛለች። የወንድሜ ሚስት ከዳቦ ቤት ተመልሳ እኔ ክፍል ገና መግባቷ ነበር፣ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ወንድሜ በወዲያ በኩል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። የብርቄ እናት እሱን አላየችውም። በአጠገቡ አልፋ ወደ እኛ መጣችና ፎጣውን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ሚስት ዞረች።

"ልጅሽን ማስከተብሽን አልጠላብሽም" አለቻት። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። "እናት ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የዚያን ቀን ስትሄዱ ብርቄን ለምን አልጠራሻትም? እቤት ነበረች። ነይ ብትያት ትመጣ ነበር፤ አንቺን ትወድሽ ነበር። ሁለት እጅ ነበረሽ። በአንዱ የራስሽን ይዘሽ ነበር።"

የወንድሜ ሚስት የዳቦ ቤት ልብሷን ጫፍ ጨበጠች።

"ፈራሁ" አለች።

"ማንን?"

ወደ ወንድሜ አየች። የብርቄ እናትም ዓይኗን ተከትላ አየችው። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው።

"ይመታሻል?"

"አይመታኝም። መትቶኝ አያውቅም።"

"ታዲያ?"

የወንድሜ ሚስት ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። እኔም ምን ልትል እንደሆነ ያወቅኩ መሰለኝ፣ እንዳትለውም ተመኘሁ።

"ሰው ፊት ይስቅብኛል ብዬ" አለች።

የብርቄ እናት ወንድሜን እንደማታውቀው ሰው እያየችው ቆየች። እሱ አንገቱን ቀና አላደረገም፤ እንባው በጣቶቹ መሀል እየወጣ ክንዱ ላይ ይወርዳል።

"ሳቁን ነው የፈራሽው?" አለቻት። "ሳቁን ነው?"

ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።